ለእህቴ ሱቅ የሰጠሁት ሦስት ኮከብ

ጥቅምት 3

እታለም፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር መረዳት አለብሽ። ለሱቅሽ ሦስት ኮከብ የሰጠው ሰው እኔ ነኝ። የሰጠሁትም ሥራሽን ላመሰግን ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። አንቺም ባለቤትሽም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ላይ የምትናገሪው ሁሉ የሚፈላ ውሃ ድምፅ ሆኖ ስለሚሰማኝ፣ እንደ ወትሮው በወረቀት እንነጋገር።

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። ቆሜ ጀመርኩት፣ ተቀምጬ ጨረስኩት። «ይህን ያደረገ ሰው እጁ ይቆረጥ» የሚለው ቦታ ስደርስ እጄን አየሁት። ደብዳቤሽን ይዞ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። እኔ ከምኖርበት ፎቅ ሥር አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። የስፌት መኪናዋ አርጅታ ክር እየበጠሰች መከራዋን ታበላት ነበር። አንቺ ደግሞ አሮጌ የእጅ የስፌት መኪና እያደስሽ በኢንተርኔት፣ በትልቁ ገበያ ላይ ትሸጫለሽ። ስለዚህ አንዷን አዘዝኩላት። በስሜ ባዝ ከወንድሜ ዋጋ አልቀበልም ብለሽ እንደምታስቸግሪኝ ስለማውቅ በጎረቤቴ በፋርማሲስቷ ስም አስላክሁ።

መኪናዋ በሰላም ደረሰች። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እንደ ልማዴ ከላይ እስከ ታች መረመርኳት። ከዚያ ገበያው «ለሻጯ ስንት ኮከብ ይሰጣሉ?» ሲል ጠየቀኝ። እታለም፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ወረቀት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ከአምስት ሦስት ማለት በእኔ ክፍል «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ማለት ነው። አራት ብሰጥ ኖሮ ሌሎቹን መምህራን ጠርቼ ሥራሽን ባሳየኋቸው ነበር። አምስት ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

በዚህ ብቻ ባበቃሁ! ከሥሩ ባዶ መስመር አገኘሁ። ባዶ መስመር ትቼ ማለፍ አይሆንልኝምና ሞላሁት፦ «መኪናዋ በደንብ ትሰፋለች። ጉድለቶች፦ እጀታዋ ትንሽ ይከብዳል፤ የሳጥኗ ማጠፊያ ይጮኻል፤ የታሸገችበት ወረቀት ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ሻጯ ከዚህም የተሻለ መሥራት ትችላለች።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ኩራት ተሰምቶኝ ነው።

ለካ በዚያ ገበያ የሚያነብ ሰው የለም። የሚያነበው ማሽን ነው፤ እሱም «ጉድለት» የሚለውን ቃልና ሦስቷን ኮከብ ብቻ ነው ያየው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺ ነሽ የጻፍሽልኝ፦ ሱቅሽ ከፊተኛው ገጽ ወደ ኋላ ተገፋ፣ ማስጠንቀቂያ መጣ፣ በመጨረሻም ተዘጋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚህ ቤት ሞኙም ወረቀቱም አብረው ተገኝተዋል።

የሰጠሁትን እንዲሰርዙልኝ ለገበያው እያመለከትኩ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስድብ ካለሽም አታቆዪው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 13

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሱቄ ግን አርፏል፤ ነፍስ ይማር ይበሉኝ።

እርግማኑን አንስቻለሁ። ያነሣሁት ግን ከእጅዎ ላይ ብቻ ነው፤ ስለ ቀዩ እስክሪብቶዎ ገና አስብበታለሁ። ባለቤቴ ደብዳቤዎን ሲያነብ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ደጅ ወጣ። ሲመለስ ምን አለኝ መሰለዎት? «ሰው ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ብሎ ይጸልያል። አንቺ ምን አስጸለየሽ? ወንድም አለሽ!»

ከደብዳቤዎ በኋላ በመጣችው አጭር ወረቀትዎ ከእርስዎ በፊት ስንት ሰው ኮከብ እንደሰጠኝ ጠይቀዋል። ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም አምስት ነበሩ። ትልልቆቹን ሱቆች ሺህ ሰው ስለሚያመሰግናቸው አንዱ ቢሰድባቸው አይሰማቸውም። የእኔ ነገር ግን አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነው። ጋሼ፣ በዚያ ገበያ አምስት ኮከብ ማለት «ዕቃው ደረሰኝ» ማለት ነው። አራት ማለት «ተከፋሁ» ነው። ሦስት ማለት «ይህች ሴት ሌባ ናት» ማለት ነው። እርስዎ በፍቅር «ሌባ» ብለውኛል።

አሁን ያለሁበትን ልንገርዎ። አከራይዬ መሥሪያ ክፍሉን እንደምቀጥል ወይም ቁልፉን እንደምመልስ እስከ ኅዳር መጨረሻ እንዳሳውቃት ጠይቃኛለች። ክፍሉን ከለቀቅኩ መኪናዎቹ የሚገቡበት ቦታ የለም፤ የእኛን ቤት ያውቁታል፣ እኛም የምንተኛው ተራ በተራ ነው። ቁራጭ ብረት የሚገዛው ሰውዬ መጥቶ አይቷቸዋል። የታደሱትንም ያልታደሱትንም በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ «በጅምላ ነው የምወስዳቸው» አለኝ። ሲነካቸው የኔ ጎን ነው የታመመው።

ባለቤቴ ደሞዝ ያለው ሥራ ብይዝ ይመርጣል። ደሞዝ ደሞዝ ነው ይላል። አልተሳሳተም።

አንድ ነገር ልናገርና ልዝጋው። ማን እንደሆነ ሳላውቅ ያለቀስኩት ለሱቄ ነበር። እርስዎ መሆንዎን ሳውቅ ስለ ሱቁ ማልቀሴን ተውኩት። በልጅነቴ ክፍልዎ ውስጥ ስማር እህትዎ አልነበርኩም፤ እንደ ማንኛውም ልጅ ከአሥር ሰባት ሰጥተው ከጎኑ «በርቺ» ይጽፉብኝ ነበር። ግድ የለም፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ። አሁን ጠጉሬ ሸብቷል፣ ጋሼ። ገና ልበረታ ነው?

እባክዎ ከእንግዲህ አይርዱኝ።

እህትዎ


ጥቅምት 22

እታለም፣

ሰላምታዬ ለሁለታችሁም ይድረሳችሁ። አትርዳኝ ብለሻል፤ እሺ። ከዚህ በታች ያለው ርዳታ አይደለም፣ መረጃ ነው።

መጀመሪያ ያመለከትኩበትን ውጤት ልንገርሽ። ለትልቁ ገበያ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው ማመልከቻ ጻፍኩ። ጣቴን ከታብሌቱ ሳላነሣ መልስ መጣ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ አስተያየትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው።» ዋጋ ካለው አንሡልኝ ብዬ መልሼ ጻፍኩ። ያንኑ ቃል በቃል መለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጽፍ፣ ለተሰጠኝ መልስ ስንት ኮከብ እንደምሰጥ ጠየቀኝ። ታብሌቱን በግንባሩ ደፍቼ ሻይ ላፈላ ሄድኩ።

ሁለተኛው መረጃ ይህ ነው። ለአሮጌ መኪናና መሣሪያ ብቻ የተከፈተች አንዲት ትንሽ የኢንተርኔት ጨረታ አግኝቻለሁ። ስለ እሷ አስቀድሜ በፋርማሲስቷ ስልክ አስነግሬያችሁ ነበር፤ ባለቤትሽም መልሶ ደውሎ «ምን ያህል ሰው አለባት?» ብሎ እንዳስጠየቀኝ ነግራኛለች። ስለዚህ እውነቱን እነግራችኋለሁ፦ ጥቂት ነው። ደህና ቀን ላይ አንድ የትምህርት ክፍል ይሞላሉ፤ እሱም የኋላው ወንበር ሳይቆጠር።

ልዩነቱን እንዲህ አስቢው። ትልቁ ገበያ የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ ሰው ሁሉ ያልፍበታል፣ ማንም ግን ማንንም አያይም። ትንሿ ጨረታ የሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ናት፤ ሰዉ ጥቂት ነው፣ ግን አንቺ ሳትቀመጪ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ይሉሻል። አሠራሯ ይህ ነው፦ ዕቃሽን ታወጪያለሽ። ሦስት ቀን ሙሉ ዋጋ አይሰጥበትም፤ ጥያቄ ብቻ ነው የሚቀርበው። ሁሉም ጥያቄ በአደባባይ ነው፣ ሁሉም መልስ በአደባባይ ነው፤ መመለስ የምትችለውም ባለዕቃዋ ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ ነው መጫረት የሚጀመረው። ኮከብ የሚባል ነገር የለም። ገዢው ዕቃው ሲደርሰው ያገኘውን በቃላት ይጽፋል።

ጉድለቷንም ልንገርሽ፣ መቼም አልተውም። ዝግ ያለች ናት። አንዳንዱ ዕቃ አንድም ሰው ሳይጫረትበት ይመለሳል። የትልቁ ገበያ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይመጣል ብዬ አልዋሽሽም። ቤት የምታስተዳድር አይመስለኝም። ክፍልሽን ግን ምናልባት ልታቆይልሽ ትችላለች።

የሳጥኑ ማጠፊያ በአንድ የዘይት ጠብታ ዝም ብሏል። ልጨምርልሽ የፈለግኩት እሱን ብቻ ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጋሼ፣ መረጃዎ ደርሶኛል። ለጆሮዎ የላክሁልዎ የመድኃኒት ጠብታ ደርሶልዎ ከሆነ ይጻፉልኝ፤ ያንን ደግሞ ለማሽን እንዳያውሉት።

ከሰላምታ ቀጥሎ ዜናው ይህ ነው፦ ሞከርኩ፣ ተሳቀብኝም።

ጥቁሯን መኪና፣ ያቺን ወርቃማ አበባ ያለባትን፣ ትንሿ ጨረታ ላይ አወጣኋት። ትልቁ ገበያ እንዳስተማረኝ አድርጌ ጻፍኩ፦ «እጅግ ውብ! እንደ አዲስ! ዛሬ ካልገዙ ነገ ይቆጭዎታል!» ፎቶዋንም ከፊት ለፊት፣ ብርሃን ላይ አነሣሁ።

የሰዎቹ ስም ራሱ ያስደነግጣል። አንዱ «መዘውር» ነው የሚባለው። እሱ ጀመረ፦ «‹እንደ አዲስ› ማለት አዲስ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ምንድን ነው?» ሌላው ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁለት፣ አቶ ለምን ብዬዋለሁ። «ለምን ከሥር ፎቶ አልተነሣችም? ለምን አዲስ ቀለም ተቀባች? ቀለሙ ሥር ምን ነበር?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰና «ደግሞስ ለምን ይቆጨኛል?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ፣ ለዚህ ምን ተብሎ ይመለሳል?

ባለቤቴ ከጀርባዬ ቆሞ ያነብ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ወንድምሽ ያስተማራቸው መሆን አለባቸው» አለ። እኔ አልሳቅኩም። በአንድም ጥያቄ ላይ መልስ ሳልሰጥ የጥያቄው ጊዜ አለቀ። አንድም ሰው አልተጫረተም። መኪናዬን መልሼ በጨርቅ ሸፈንኳት።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ጉድለት የሚለው ቃል ሱቄን ዘግቶብኛል፤ እነዚህ ደግሞ ጉድለትሽን አምጪ ይሉኛል። አንዱ ጋ የተናገረ ይቀጣል፣ ሌላው ጋ ያልተናገረ ይቀጣል። እንዴት አድርጌ ነው የራሴን ጉድለት በራሴ እጅ የምጽፈው? ይህንን ብቻ ይመልሱልኝ።

ደብዳቤዬ ካጠረ ይቅር ይበሉኝ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ስለምወጣ ማታ እጄ ይዝላል። ወዴት ብለው አይጠይቁኝ።

እህትዎ


ኅዳር 8

እታለም፣

ለጤናሽም ለእጅሽም አስባለሁ። ጠብታው ደርሶኛል፤ የግራው ጆሮዬ ትንሽ ከፈት ብሏል፤ የሰማሁት የመጀመሪያ ነገር የጎረቤት ቧንቧ ነው። ወዴት እንደምትወጪ አልጠይቅም። መጠየቅ ሥራዬ ነበር፤ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሳላውቅ መመለስ ስለማልወድ ትንሿ ጨረታ ላይ ከዚህ በፊት የተሸጡትንና ሳይሸጡ የቀሩትን እየከፈትኩ አነበብኩ። ያየሁትን ልንገርሽ። «እንከን የለሽ» የተባለው ሁሉ ተመልሷል። የተሸጡት ሐኪም ያያቸው የሚመስሉት ናቸው። አንዱ ሰውዬ የእጅ መሰርሰሪያ ሲሸጥ «ጥርሷ አንዱ ተሰብሯል፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ትንተባተባለች፣ ለለስላሳ እንጨት ግን እምላለሁ» ብሎ ጽፏል። ተሻምተውባታል።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የትልቁ ገበያ ገዢ አያውቅሽም፤ ሊያውቅሽም አይፈልግም፤ ካልወደደው ይመልሰዋል። እዚህ ግን ገዢው ራሱ ጠጋኝ ነው። አሮጌ ዕቃ ሁሉ ጉድለት እንዳለው ያውቃል። የሚፈራው ያልተነገረውን ነው። ጉድለቷን ስትነግሪው፣ ሌላ የደበቅሽው እንደሌለ ያምንሻል። አቶ ለምን ያሾፈብሽ አይመስለኝም። መግዛት የማይፈልግ ሰው የማሽን ሆድ ፎቶ አይጠይቅም።

እኔ ልጻፍልሽ አልልም። ብዕሬን አርቄ አስቀምጫለሁ። ግን ባለፈው ክረምት ስለዚያች ጥቁር መኪና የጻፍሽልኝን ታስታውሻለሽ? ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቂ የመጀመሪያዋ ባለቤት ጣት ያረፈበት ቦታ ብቻ ሳይዝግ እንዳገኘሽው፤ መዘውሯ ተጣብቆ በካቻቪቴ ሳይሆን በሞቀ ዘይትና በትዕግሥት እንደፈታሽው፤ አንዱን ብሎን አጥተሽ ከሌላ መኪና እንደወሰድሽ። ያን ስትጽፊ ለመሸጥ አልነበረም። ለዚያ ነው ያመንኩሽ።

አንድ ያልመለስኩልሽ ጥያቄ አለ። «ገና ልበረታ ነው?» ያልሽው። እንዳላየ ያለፍኩት እንዳይመስልሽ። ሳላጣራ አንድ ጊዜ ፈርጄብሻለሁ። ሁለተኛ ሳላጣራ አልጽፍም። ትንሽ ታገሺኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 19

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጋሼ፣ ጆሮዎ ከፈት በማለቱ ደስ ብሎኛል። ቧንቧውን ባለቤቱ እንዲያሠራው ይንገሩት።

አልጠይቅም ስላሉኝ ነው የምነግርዎት። ጠዋት ጠዋት የምወጣው ወደ ትልቁ ገበያ መጋዘን ነው። ዕቃ አሻጊ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ተሳቀብኝ ብዬ በጻፍኩልዎ ሰሞን የሥራ ልብሱን ተቀብዬ ነበር። ሱቄን የዘጉብኝ ሰዎች ዘንድ ተቀጠርኩ ማለት አሳፍሮኝ ነው የደበቅኩዎ።

ሥራው ክፉ አይደለም። አለቃዬ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ጨዋ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን «ወረቀት አበዙ» አለኝ። «ወንድሜም እንዲሁ ብሎኛል» አልኩት። ወንድሜ እዚያ የሚሠራ መስሎት «የትኛው ክፍል ነው?» አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር «ጥራት ቁጥጥር» አልኩት። ደሞዙም በጊዜው ይመጣል። ባለቤቴ ፊቱ ተፈትቷል። ብቻ ቀኑን ሙሉ ዕቃ በፊቴ ሲያልፍ ይውላል፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሣጥን ነው። ማታ ቤት ስገባ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ብባል የምናገረው የለኝም።

አሁን ሌላውን ልንገርዎ። ጥቁሯን መኪና እንደገና አወጣኋት። በዚህኛው ጊዜ ለእርስዎ እንደምጽፍ አድርጌ ጻፍኩ። ዝገቱን፣ ከሌላ የወሰድኩትን ብሎን፣ ቀለሙ ሥር የነበረውን ጭረት ሁሉ። ከሥር ፎቶ አነሣኋት። አቶ ለምን ወዲያው ከች አለ፦ «ከላይ ያለው የፋብሪካ ቁጥርና ከመቀመጫዋ ሥር ያለው ቁጥር አንድ ነው?»

ገልብጬ አየሁ። አንድ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ አብሬያት ኖሬ አላየሁትም፣ ጋሼ። መኪናዋ ከአንዷ፣ መቀመጫዋ ከሌላዋ ናት። ዝም ልበል አልኩ። ማን ያያል? ከዚያ «አንድ አይደለም፤ ይህን እስከዛሬ አላወቅኩም፤ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ወደ መጋዘን ሄድኩ፣ ቀኑን ሙሉ ሳሽግ ዋልኩ። ስመለስ መዘውር የተባለው እንዲህ ብሎ አገኘሁት፦ «ታዲያ ምን አለበት? እኔም ሁለተኛ ትዳሬ ነው፤ ከመጀመሪያው ይሻላል።» ከሥሩ የሳቀው ሳቀ። ከዚያ መጫረት ጀመሩ!

አቶ ለምንና አንዲት የልብስ ስፌት የምታሠለጥን ሴት ተፎካክረው፣ ሴትዮዋ ወሰደቻት። ጠቅልዬ ላክሁላት። በልኩ ወረቀት።

ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህ ያንን ገጽ አልከፈትኩትም። ኮከብ ቢሆን ቁጥሩን አይቼ እዘጋዋለሁ። ይህ ግን ቃል ነው። የደረሳትን በቃላት ትጽፋለች፤ የሚጽፉትን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ምሕረት የላቸውም። መጥፎ ነገር ካነበብኩ ከእንግዲህ ካቻቪቴ የምይዝ አይመስለኝም። እርስዎ ይመልከቱልኝ። መጥፎ ከሆነ ቁልፉን እስክመልስ ድረስ አይንገሩኝ። በኅዳር የመጨረሻ ቅዳሜ ለመመለስ ወስኛለሁ። ብረት ገዢውም የዚያኑ ቀን ይመጣል።

እርስዎም ያጣሩት ነገር ካለ ይጻፉልኝ። ለሱቅ አይደለም። ሱቅ የለኝም። ለእኔ።

እህትዎ


ኅዳር 24

እታለም፣

ሰላምታዬን ለኋላ አቆይቼዋለሁ፣ ቅዳሜ እየቀረበ ነው። ይህን ደብዳቤ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ። ፋርማሲስቷም ደውላ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንድትነግርሽ ለምኛታለሁ፦ «ደብዳቤ ሳይደርስሽ ቁልፉን አትስጪ።» ምን እንደሆነ ብትጠይቂያትም አታውቅም።

ገጹን ከፍቻለሁ። መጥፎ ከሆነ አትንገረኝ ብለሽ ነበር። ቆርጬ ብልክልሽ ያው የማሽኑን ሥራ ሠራሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሴትዮዋ የጻፈችውን እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

«መኪናዋ ደርሳለች። በጽሑፉ የተባለው ሁሉ እንደተባለው ነው። ያልተባለ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ብዙ ስትሠራ የላይኛው ክር መወጠሪያ ይላላል። ሻጯ ብታውቀው ኖሮ ትጽፈው እንደነበር አልጠራጠርም። ሠልጣኞቼ አዲሶቹን መኪናዎች ትተው እሷ ላይ ወረፋ ይይዛሉ፤ ድምጿ አያስደነግጥም ይላሉ። ሻጯን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ለመወጠሪያው ምን ላድርግ? ደግሞም ሌሎች አራት መኪናዎች እፈልጋለሁ፤ አንድ በአንድ፣ ሲደርሱላት። ትችላለች?»

ጥያቄዎቹ ከተጻፉ ሁለት ቀን አልፏል። መልስ የላቸውም። ሰዎቹ ገብተው ያያሉ፣ ይወጣሉ። አንዱ «ሻጯ የት ገባች?» ሲል ጻፈ። አቶ ለምን፣ ያ ጠያቂ ሰው፣ በዚህ ጊዜ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። «እንጠብቃታለን» ብቻ ብሏል።

አሁን የእኔ መልስ። እንደ ነገርኩሽ ማጣራት ነበረብኝ። ስለዚህ ሰሞኑን ከታች ወዳለችው ልብስ ሰፊ እየወረድኩ፣ ጥግ ላይ ባለችው ወንበር ተቀምጬ አንቺ ያደስሻትን መኪና ስትሠራባት አየሁ። መጀመሪያ «ምን ጠፋ፣ አባቴ?» አለችኝ። ምንም፣ መኪናዋ ስትሠራ ለማየት ነው አልኳት። ወፍራም ጨርቅ አራት እጥፍ አድርጋ ከሥሯ አስገባች። መርፌዋ አልሳተችም። ኮሌታ ሰፋች፣ ኪስ ሰፋች፣ ከደንበኛ ጋር ተጨቃጨቀች፣ እጇ ግን አላቋረጠም። ምን ትያለሽ ስለ መኪናዋ ብዬ ስጠይቃት ግራ ገባት። «የድሮዋን እያባበልኩ ነበር የምሰፋው፤ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። ይህችን ረስቻታለሁ። አሁን የማየው ጨርቁን ነው» አለችኝ።

እኔ የመረመርኳት ጠረጴዛ ላይ ቆማ ነበር። ሳትሠራ። እጀታውን አዙሬ፣ ማጠፊያውን ከፍቼ፣ ነጥብ ሰጠሁ። ለካ ሥራሽ የሚታየው ሰው ሲረሳው ነው።

ገና ልበረታ ነው ብለሽ ነበር። አይደለም። ሥራሽ ጥሩ ነው። ይህን ጽፌ ብዕሬ «ግን» ሊል ሲነሣ ያዝኩት።

መጋዘኑን ተዪ አልልሽም። ባለቤትሽ ልክ ነው፤ አራት መኪና ቤት አያስተዳድርም፤ ትንሿ ጨረታም ነገ ትልቅ አትሆንም። ለክፍሉ ኪራይ ግን ይበቃል ብዬ አስባለሁ፤ በዕረፍት ቀንሽ በሩን ከፍተሽ የምትገቢበት ክፍል ይኖርሻል። የቀረውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ሳልጠየቅ አንድ ጊዜ ስለ ሥራሽ በአደባባይ ተናግሬያለሁ፤ ያ ይበቃኛል። እዚያ ገጽ ላይ በስምሽ አንዲት ቃል አልጽፍም። ሴትዮዋ የጠየቀችው አንቺን ነው፤ እዚያ የተቀመጡት ሰዎች የሚጠብቁትም አንቺን ነው።

ሰላምታዬ ለአማቼም ይድረስልኝ።

እችላለሁ ወይም አልችልም በያት፤ ሁለቱም መልስ ነው። ከዚያ የመለስሽላትን ለእኔም ጻፊልኝ። እባክሽ እታለም፣ ከቅዳሜ በፊት፣ ቶሎ።

ወንድምሽ